የመስመር ዳኛዋ ዓይኖች

ኅዳር 3

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ያ የሚያጉረመርመው ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። «ጤናዬን ጻፊለት፤ ስኳሬን ግን እንዳትነግሪው» ብላኛለችና ስኳሯን አልነገርኩዎትም።

የላኩልኝ ጫማ ደርሶኛል። ልክክ ነው ያለው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሁሉም እየተቀባበሉ አገላብጠው አዩት፤ ዋናው ዳኛችን «ይኼማ ብቻውን ሄዶ ማጫወት ይችላል» አለ። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጤናውን አብዝቶ ይስጥዎ።

ስልክ እያለ በደብዳቤ የማስቸግርዎ ለምን እንደሆነ ያውቁታል። እማዬ ስልክ ሲጮህ «ድምፁን ከፍ አድርጊው» ትልና እኔ አንድ ቃል ስናገር እሷ ሦስት ትጨምርበታለች። የዛሬው ደግሞ እሷ እንድትሰማው የማልፈልገው ነው።

ጋሼ፣ ዘንድሮ ነገር ሁሉ ጠሞብኛል። ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንዴ ጥርት ያለ ጎል ኦፍሳይድ ብዬ ሻርኩ። ሁለቴ ደግሞ አጥቂው ቀድሞ ሳለ ባንዲራዬን ሳላነሳ ቀረሁ፤ በአንደኛው ጎል ገባ። የእኛ ሥራ ለሚያየው ሰው ሮጥ ሮጥ ብሎ ጨርቅ ማውለብለብ ይመስለዋል። ሥራው ግን አንድ ነገር ነው፤ ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር እኩል መሆን። ከበረኛው ቀጥሎ ወደ ጎሉ የቀረበው ተከላካይ የእኔ ሰው ነው። እሱ አንድ እርምጃ ወደፊት ከወጣ እኔም በጠርዙ ላይ አንድ እርምጃ እወጣለሁ፤ ወደ ኋላ ከሮጠም እሮጣለሁ። ኳሷ በተመታችበት ቅጽበት አጥቂው ከእሱ ቀድሞ እንደሆነ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

የዳኞች ኮሚቴው ጠርቶ አነጋግሮኛል። አንድ ስህተት ከጨመርኩ ከአንደኛው ሊግ ዝርዝር እወጣና የታዳጊዎች ጨዋታ ላይ እመደባለሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ከወረዱ በኋላ ደግሞ ተመልሶ መውጣት የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዲሁ ነው። አባዬን ዓይኑን ሲጀምረው እንዴት ነበር ያደረገው? የአክስቱ ልጅ ከመሆንዎም በላይ ያኔ አንድ ጋራዥ አብረውት ይሠሩ ስለነበር ብዬ ነው። ለዚህ ብለው ራስዎን አያስጨንቁ። ደግሞ እዚያ አገር ጥሩ የዓይን ጠብታ ካለ ቢልኩልኝ። ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 29

ለባንዲራዋ እመቤት፣ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ። ጉልበቴን ስለጠየቅሽልኝ ተባረኪ። ከእኔ ቀድሞ ያረጀው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው አካሌ ገና «ጎረምሳ ነን» እያለ ነው። እዚህ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ስተኩስ ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ። የተኮስኩት አንሶላ ቢዘረጋ አንቺ ጋ ደርሶ ይመለስ ነበር።

የአንቺን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ግን ኳስ ማየት አቃተኝ። እሁድ እሁድ ማጠፊያ ክፍል ቴሌቪዥን ይከፈታል። ሰው ሁሉ ኳሱን ሲከተል እኔ ዳር ላይ ባንዲራ ይዞ የሚሮጠውን ሰውዬ ብቻ አያለሁ። ለካ በጎኑ ነው የሚሄደው! ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ወዲያና ወዲህ ሽርተት ሽርተት ይላል፤ ሲብስበት ብቻ ዞሮ ይሮጣል። ጎል ገብቶ ሁሉም ሲጮህ እኔ «አያችሁት ሰውዬውን? ልክ መስመሩ ላይ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። አለቃችን ምን እንደነካኝ ቢጠይቀኝ «ዘመዴ ነው» አልኩት። እስካሁን ሰላም ሲሉኝ እጃቸውን እንደ ባንዲራ ያነሱብኛል።

ስህተት ያለ ነው፣ ልጄ። እኔ ስንቱን አንሶላ አቃጥዬ እዚህ ደርሻለሁ። በደንብ ብዪ፣ በጊዜ ተኚ፣ ሰው የሚልሽን አትስሚ። ጠብታውን ልኬያለሁ፤ ለባልደረባሽ ሁለት ጠርሙስ ነው። ጠዋትና ማታ ትጠቀምበት።

የአባትሽን ነገር ጠይቀሽኛል። ነፍሱን በገነት ያኑርልን፣ ያለፈ ነገር ነው። እዚህ ዘንድሮ ብርዱ ለጉድ ነው፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ በረዶ ሆነ።

እናትሽን አደራ ሳሚልኝ። ስኳሯንም አልሰማሁም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 19

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ደጅ ደጁን መዞር ሰልችቶኛል።

ባልደረባ የለችኝም። ጠብታው ለእኔ ነው።

አባዬ ማየት ሲያቅተው ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ባለፈው ሰኔ ሠላሳ ስድስት ሞላኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን እየጠበቅኩት ነው፣ ሌባ እንደሚጠበቅ። ውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ዓይኔን በእጄ እሸፍንና የደንበኞችን ቁጥር አነባለሁ። ከዚያ ሌላኛውን። የክፍል ኃላፊዬ ራሴን የሚያመኝ መስሏት በቀን ሁለቴ ክኒን ትሰጠኛለች። ሜዳ ላይ ደግሞ ኳሷ ስትርቅ የደበዘዘችብኝ ይመስለኛል፤ ላያት ጠጋ እላለሁ፣ አንገቴን አሰግጋለሁ። ከዚያ እሳሳታለሁ። በተሳሳትኩ ቁጥር «ይኸው መጣ» እላለሁ።

ሐኪም ጋ ሂጂ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሐኪሙ «አዎ» ካለኝ አለቀ፤ ካልሄድኩ ግን ገና አላለቀም። ሞኝነት ነው፣ አይቆጡኝ።

ገምጋሚያችን ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። ሁሉን ነገር በእርምጃው ስለሚለካ «ጋሽ ሜትሮ» እንለዋለን። ባለፈው ጨዋታ ሲያልቅ ወደ እኔ መጥቶ «ልጄ፣ ሁለት ሜትር ጠፋሽብኝ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ዓይኔን ያወቀብኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ይዤ ሸሸሁ።

ጋሼ፣ አባዬን እጁን ይዤ ሱቅ የምወስደው እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ደረጃ ሲኖር «አንድ» እለዋለሁ፣ ሲያልቅ «በቃ» እለዋለሁ። እማዬ ለጠየቃት ሁሉ «የዘራቸው ነው፣ አያቱም እንዲህ ሆነው ነው የሞቱት» ነው የምትለው። አባዬም ራሱ እንዲያ ይል ነበር። እርስዎ በየቀኑ አብረውት ነበሩ። ቀስ እያለ ነው የመጣው? የቱ ዓይኑ ቀደመ? ሩቅ ነው መጀመሪያ ያጣው ቅርብ? መጥፎም ቢሆን ይንገሩኝ። የማላውቀው ነገር ነው የገደለኝ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ጥር 21

ለጋሼ፣

ደህንነትዎን አምላክ ያሰማኝ። ደብዳቤዬ ከሄደ ወር አለፈው። አልደረሰ ይሆናል ብዬ ይኸው ደገምኩ። ደርሶ ከሆነም አልቀየምዎትም፤ ለመናገር የሚከብድ ነገር እንዳለ ዝምታዎ ነገረኝ።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የካቲት 24 ትልቅ ጨዋታ አለ፤ ያሸነፈው ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋል። መደቡኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እዘል ነበር። አሁን ግን ከዚያ በፊት መልቀቂያዬን አስገባለሁ። ሃያ ሁለት ሰው ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን እኔ ባላየሁት ነገር አላበላሽም።

ምንም እንዲልኩልኝ አልፈልግም። መልስ ብቻ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 1

ልጄ፣

ደርሶኛል። ሁሉም ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ዛሬ ሰላምታውን ልዝለለውና ሳልቀደው ልጨርስ።

አባትሽ የታወረው በዘር አይደለም። እኔ ነኝ ያሳወርኩት።

እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ጋራዡ ውስጥ የባትሪ ክፍል የሚባል ጠባብ ክፍል ነበር፤ የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት። ባትሪ ቻርጅ ላይ ሲሆን ጋዝ ያወጣል፣ እንደ ቤንዚን የሚቀጣጠል። ስለዚህ ቻርጀሩን ሳያጠፉ የሽቦውን መቆንጠጫ ከባትሪው መንቀል አይቻልም። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። እኔም አውቀው ነበር። የዚያን ቀን ግን በምሳ ሰዓት ቀጠሮ ነበረኝ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር። ዛሬ ስሟን እንኳ አላስታውሰውም፣ ልጄ! አባትሽ አጎንብሶ የባትሪውን ውሃ እያየ ነበር። እኔ ሮጬ ገብቼ መቆንጠጫውን መነጨቅኩት። ብልጭ አለ፣ ባትሪው ፈነዳ። አሲዱ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ገባ።

ቧንቧ ስር ጭንቅላቱን ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ውሃው እየወረደ እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማንም አይስማ።» የጋራዡ ባለቤት ቢሰማ እኔን እንደሚያሳስረኝ ያውቃል። ከዚያም በላይ እሱን እንደ ልጇ አድርጋ ያሳደገችው እናቴ ናት። «አክስቴ በአንተ ከምታፍር እኔ ይቅርብኝ» አለኝ። በእናቴ ስም አስማለኝ። ለእናትሽ «ዓይኔን ጉንፋን መታኝ» አላት። በሦስት ሳምንት አየ፤ ተረፍን ብለን አለቀስን። ከዚያ ግን ጠባሳው ዓመት ከዓመት ዓይኑን እየጋረደው ሄደ። ያኔ ነው «ከዘር ነው» የሚለውን የፈጠረው። አያታችን እኮ በሰማንያ ዓመታቸው ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡ ሰው ነበሩ! እናትሽ ስታገባ እሳቸው ሞተው ስለነበር አላየቻቸውም፤ ያላትን አመነች።

ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ለቅቄ መጣሁ። ሰው ለእንጀራ የሄድኩ ይመስለዋል። እኔ አንቺ እጁን ይዘሽ ስትሄጂ ማየት አቅቶኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ነክቼ አላውቅም።

እሱ ቃሉን ጠብቆ ሞተ። እኔም ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነበር። ግን ውሸታችን አንቺ ላይ መውጣቱን ሳነብ ቃል መጠበቁ ራሱ ኃጢአት ሆነብኝ። ዓይንሽ የእናትሽ ዓይን ነው፣ ምንም የለበትም። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። መልቀቂያውን ቅደጂው። እኔን ግን እንደፈለግሽ አድርጊኝ።

አጎትሽ


የካቲት 17

ለጋሼ፣

ብዕሬን ሳነሳ «አንተ» ብዬ ልጀምር ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ «እርስዎ» እያልኩ እቆጣዎታለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት! አባዬ ከሞተ እንኳ ሰባት ዓመት ሆነው። አንዲት መስመር ደብዳቤ አያወጣም ነበር? እኔ ልጅ ለመውለድ እንኳ እንደፈራሁ ያውቃሉ? አንድ ደህና ሰው «እንጋባ» ሲለኝ «የልጆቼን እጅ ማን ይይዛል?» ብዬ አስቤ ነው ሰበብ ፈልጌ የመለስኩት። አሁን አግብቶ ሁለት ወልዷል፣ ይባርክለት። ሦስት ቀን ደብዳቤዎን አንዴ አነበዋለሁ፣ አንዴ እወረውረዋለሁ። መሥሪያ ቤት ኃላፊዬ ፊቴን አይታ ክኒኑን አራት አደረገችው።

በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሟ በብርሃን አየች፣ በመሣሪያ አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እስከ ታችኛው ረድፍ አስነበበችኝ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ እየጠረገች «ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል፤ ምን ልሠራልሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። የአባዬን ነገር ነገርኳት። «የአሲድ ጠባሳ ከአባት ወደ ልጅ አይወረስም፣ እህቴ» አለች። እርስዎ የላኩልኝን ጠብታም አሳየኋት፤ «አይጎዳም፣ አይጠቅምም» ብላ መለሰችልኝ። ጋሼ፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ፊት ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። አንዲት እናት ክፉ የተነገረኝ መስሏቸው «አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል» እያሉ አቀፉኝ። «ደህና ነሽ ተብዬ ነው» ብላቸው «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ።

ከዚያ በቀጥታ ጋሽ ሜትሮ ቤት ሄድኩና «ሁለቱ ሜትር ምንድን ነው?» አልኩት። «ይህን ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈጀብሽ?» አለና ኮቱን ለብሶ ወደ ባዶ ሜዳ ወሰደኝ።

ሁለት እንጨት ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተከለ፣ አንዱ ተከላካይ፣ ሌላው አጥቂ። መስመሩ ላይ ከእንጨቶቹ ትይዩ አቁሞኝ «ማን ቀደመ?» አለኝ። «እኩል ናቸው» አልኩ። ከዚያ በጠርዙ ላይ ኳሷ ወዳለችበት ወደ ሜዳው አጋማሽ ሁለት ሜትር አስኬደኝ። ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ወደ እኔ ቀረብ ብሎ የተተከለው እንጨት ቀድሞ ታየኝ! እንጨቶቹ አልተነቃነቁም፣ ጋሼ። የተነቃነቅኩት እኔ ነኝ። «ከሰኔ ወዲህ ወደ ኳሷ እየተጎተትሽ ነው» አለኝ። «ምን እንዳስፈራሽ አላውቅም። ግን ኳሷ አንቺን አትፈልግሽም። ኳሷን ስታዲየሙ ሙሉ ያያታል። መስመሩን የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ገባዎት? ዓይኔን ስለፈራሁ ለማየት እጠጋለሁ፤ ስጠጋ ቦታዬን እለቃለሁ፤ ቦታዬን ስለቅ እሳሳታለሁ፤ ስሳሳት ዓይኔን ይበልጥ እፈራለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ስዞር ከረምኩ። ራሴን በጥፊ ብመታው በወደድኩ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እየወሰደ ያሠራኛል። በጎን መራመድ፣ መቆም፣ መዞር፣ እንደገና። እኔ በጎን ስራመድ እሱ ከኋላዬ እየተከተለ «ማንን ነው የምታዪው?» ይላል። «ሰውዬዬን» እላለሁ። «ኳሷስ?» ሲል «በጆሮዬ» እላለሁ። የምቱን ድምፅ ስሰማ ዓይኔ ከመስመሩ መነሳት የለበትም። ሐሳቤ ትንሽ ሄድ ካለ ወዲያው ያውቅብኛል፤ «የት ሄድሽ?» ይለኛል። ስምንት ዓመት የማውቀውን ሥራ እንደ አዲስ ነው የያዝኩት። በጣም ደስ ይላል።

መልቀቂያውን ቀድጄዋለሁ። የካቲት 24 እገባለሁ።

ይቅርታ ብለው ባይጽፉም ሲጠይቁኝ ሰምቻለሁ። የይቅርታው ባለቤት አባዬ ነበር፤ እሱ ደግሞ እዚያው ቧንቧው ስር ሰጥቶዎታል። እኔ የምጨምርበት የለኝም። ንዴቴ ግን ገና ትንሽ ቀርቶታል፤ እስኪያልቅ ይታገሡኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም። እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 27

ለልጄ፣

ተመስገን! ተመስገን! ሌላ ሰላምታ አልጻፈልኝም።

ደብዳቤሽ ትናንት ነው የደረሰኝ። ምድር ቤት ቆሜ አነበብኩት። ሐኪሟ ጋ ስደርስ ማሽኑ ውስጥ ያለው አንሶላ መሃሉ ተቃጠለ፣ ጭንቅላቴን የሚያክል ቀዳዳ። አለቃችን ሲጮህብኝ እኔ እስቃለሁ። ያበድኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ጨዋታው እንግዲህ አልፏል። መግባትሽን ሳላውቅ ቀኑን ግን አልረሳሁትም ነበር። የካቲት 24 ፈቃድ ወስጄ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሼ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዘጠና ደቂቃ የግድግዳ ሰዓት አየሁ። በእረፍት ሰዓት ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንዴት እንደወጣሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ሰውዬው እንጋባ ያለሽን አነበብኩ። እዚያ መስመር ላይ ሦስቴ ተመለስኩ። አንብቤዋለሁ፣ ብቻ እወቂው።

እናትሽን ንገሪያት። እኔ ብጽፍላት ይሻል ነበር፤ ግን ለእትዬ የሚጻፈው ደብዳቤ ከሰላምታው አላልፍ አለኝ። ንገሪያትና ያለችውን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ስድብም ከሆነ እንዳለ ላኪው፤ የእኔ ድርሻ ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 14

ለማከብርዎ፣ አሁን ደግሞ ለማልቆጣዎ ለጋሼ፣

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን። በጨዋታው ልጀምር፤ ሳልነግርዎ ብቀር ሌላ አንሶላ ይቃጠላል።

እስከ ሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ነበር። ስታዲየሙ ጢም ብሏል፤ ከኋላዬ ያለው ደጋፊ የእናቴ ስም ሲቀር ያላነሳው ነገር የለም። እኔ ሰውዬዬን ብቻ ይዣለሁ። ቀይ ጫማ ያደረገ፣ ረጅም፣ ቀልጣፋ ተከላካይ ነው፤ ሲወጣ እወጣለሁ፣ ሲመለስ እመለሳለሁ። በመሃል ዝናብ አካፋ፤ እንደ ድሮው ወደ ኳሷ ጠጋ ልበል ሲለኝ «የት ሄድሽ?» ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ያኔ ነው ኳሷ ከመሃል የተመታችው። ድምፁን ሰማሁ። ዓይኔ መስመሩ ላይ ነበር። አጥቂውና ቀይ ጫማው ትከሻ ለትከሻ፣ እኩል! እኩል ደግሞ ኦፍሳይድ አይደለም። ባንዲራዬ ታፋዬ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። አጥቂው ሄደ፣ አገባ።

ዋናው ዳኛ ዞሮ አየኝ። ባንዲራዬን ዝቅ እንዳደረግኩ ወደ መሃል ሮጥኩ፤ ፊሽካው ጎል አለ። የተሸነፉት ተከላካዮች ከበቡኝ። ቀይ ጫማው ፊቴ ላይ መጥቶ «ዓይን የለሽም?!» ብሎ ጮኸብኝ።

ጋሼ፣ ይህን ቃል ከወር በፊት ብሰማው ሜዳው ላይ እወድቅ ነበር። አሁን ግን ሳቄ መጣ። «አለኝ» አልኩት። ልጁ ግራ ገብቶት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጋሽ ሜትሮ የተቀመጠው ልክ በዚያ መስመር ትይዩ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ መልበሻ ክፍል በር ላይ ጠብቆኝ «እኩል ነበሩ» አለኝ። ኮቱን ቆለፈና «አንቺም እኩል ነበርሽ» ብሎ ሄደ። ከዚህ በላይ አመስግኖ አያውቅም ይላሉ። ኮሚቴው በሳምንቱ ስሜን በቀጣዩ ዓመት ዝርዝር ውስጥ አወጣ።

እማዬን እሁድ ነገርኳት። ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ባትሪውን፣ ቧንቧውን፣ መሐላውን። መክተፉን አላቆመችም። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ጫማዋን አደረገችና ወጣች። ልከተላት ስል «ተመለሺ» አለችኝ። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም። ሦስት ሰዓት ቆይታ መጣች፤ ጫማዋ የመቃብር ቦታው ቀይ አፈር ነበረበት። «ተቆጣሁት» አለችኝ። «ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሃያ አራት ዓመት አጠገቤ ተኝቶ! ይመልስ ይመስል ደግሞ ቆሜ ጠበቅኩት።» ከዚያ አልቅሳ ሳትጨርስ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

ማታ ራት ላይ ፊቴን ትክ ብላ ታየኝ ጀመር። «ምን ሆንሽ፣ እማዬ?» አልኳት። አላወቅኩም ነበር፣ ጋሼ። እሷም ስትፈራ ነው የኖረችው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንቅፋት ሲመታኝ፣ ብርጭቆ ሲያመልጠኝ፣ መጽሐፍ ጠጋ አድርጌ ሳነብ ልቧ ሲወድቅ ኖሯል። እኔ እንዳልፈራ ብላ አልነገረችኝም፤ እኔም እሷ እንዳትፈራ ብዬ አልነገርኳት። አንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀን ስንፈራ ኖርን።

እርስዎ ያለችውን ሳልቀንስ እንድጽፍ አዝዘውኛል። አጠገቤ ቁጭ ብላ ያስጻፈችኝ ይኸው፤

«ለዚያ ሰውዬ እንዲህ በይው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጄን ባየኋት ቁጥር የማየው ዓይኗን ነበር። ትላንት ራት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየሁት። ቁርጥ አባቷን ናት። እና ና። መጀመሪያ እቆጣሃለሁ፣ እሱን አልምርህም፤ ስጨርስ ትበላለህ።»

ስኳሯንም እንድነግርዎ ፈቅዳለች።

የወንድምዎ ልጅ